በአጨብጫቢው የሚስቁ ፊልሞች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም መገናኛ ብዙኃን ያገነኑትን ዝናና ዝነኛ አምልኮን ስለሚሸሙጡ ፊልሞች አጭር ጥቆማ ሰጥተን ነበር። ከመጡልን ደብዳቤዎች የሚበዙት ከጎጃም ናቸው። የቅኔ አገር ሰው ሽሙጥ ቢወድ አይገርምም። በመልሶቹ ውስጥ የፊልሞቹና የውጭ አገር ታሪኮች ዓመት እንደ አውሮፓውያን፣ የአገራችን ሕጎች ዓመት ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

«የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊልም ክበብ አስተባብራለሁ። አራት ቅዳሜ፣ አንድ ፕሮጀክተርና ወደ 40 የሚሆኑ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች አሉኝ። የትኞቹን ፊልሞች በምን ቅደም ተከተል ላሳይ? ተማሪዎቹ የሠሩት የአማርኛ ግርጌ ጽሑፍ ደግሞ አንዴ ሳጥን ሳጥን፣ አንዴ የማይነበብ የላቲን ፊደል ሆኖ ይመጣል። ሲነበብም ፊልሙ በገፋ ቁጥር ከንግግሩ ይራራቃል።» መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

መምህር፣ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ለ«ዘ ትሩማን ሾው» (1998) ይስጡት። 103 ደቂቃ ነው፤ ተማሪ ፊት የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ነገሩም ያለ ማብራሪያ ይገባል። ሰውየው ከተወለደ ጀምሮ 30 ዓመት ያህል ሳያውቀው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ኖሯል። ሚስቱም፣ የልብ ጓደኛውም፣ ጎረቤቱም ደመወዝተኛ ተዋንያን ናቸው። ተማሪዎቹ አንድ ቦታ ብቻ ነቅተው እንዲጠብቁ ይንገሯቸው፦ ባል ጨንቆት ሲያዋራት ሚስቲቱ የካካዎ መጠጥ አንስታ፣ ፊቷን ወደ ካሜራው መልሳ፣ ጥራቱን ስታሞግስ። «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ይላታል። የዚያን ዕለት ውይይት ከዚህ ጥያቄ ቢነሳ ሌላ መግቢያ አያስፈልግም።

ሁለተኛው «ኤስ ኢን ዘ ሆል» (1951)፣ ሦስተኛው «ኤ ፌስ ኢን ዘ ክራውድ» (1957) ይሁኑ። «ኤስ ኢን ዘ ሆል»ን ከታች ለሞጣ ወጣቶች በሰጠነው መልስ ዘርዝረነዋል። «ኤ ፌስ ኢን ዘ ክራውድ» ከእስር ቤት ወለል ላይ ተነስቶ በጊታርና በጨዋታ የአገር ጣዖት የሆነ ሰው ታሪክ ነው። ሁለቱም ጥቁርና ነጭ ስለሆኑ ክፍሉ በደንብ ካልጨለመ የ«ኤስ ኢን ዘ ሆል» የዋሻ ትዕይንት አመድ ይመስላል።

ለመጨረሻው ቅዳሜ የሕንዱን «ፒፕሊ ላይቭ» (2010) እንመርጣለን። በዕዳ መሬቱን ሊነጠቅ የደረሰ ገበሬ፣ ራሱን ላጠፋ ገበሬ ቤተሰብ መንግሥት ካሳ እንደሚሰጥ ይሰማል። ወሬው ከተማ ሲደርስ የቴሌቪዥን መኪኖች መንደሩን ከበው ሞቱን ይጠብቃሉ። አንዱ ዘጋቢ ገበሬው ሜዳ ወጥቶ የተጸዳዳበትን ሳይቀር ለአገር ይተነትናል። የገበሬ ልጆች ይህን ሲያዩ የሚስቁት ሳቅ የተለየ ነው። ስድብ ስለሚበዛበት ግን የትርጉሙን መቀስ እርስዎ ይያዙ። «ኔትወርክ»ን (1976) ለጊዜው ይተዉት፤ ከጫፍ ጫፍ ንግግር ስለሆነ ግርጌ ጽሑፍ የሚከተል ተማሪ የተዋናዩን ፊት አያይም። «ቢንግ ዜር»ም (1979) የመኝታ ቤት ትዕይንት አለውና ሳያዩት ለተማሪ አያቅርቡት።

ስለ ግርጌ ጽሑፉ፣ ሳጥኑና የላቲን ፊደሉ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ሳጥን ከመጣ ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ነው። ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም የግርጌ ጽሑፍ ምርጫ ውስጥ ገብተው ኒያላን ወይም አቢሲኒካን ይምረጡ። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከመጣ ግን ችግሩ ኢንኮዲንጉ፣ ማለትም ፊደሎቹ ፋይሉ ውስጥ የተመዘገቡበት ኮድ ነው። የግርጌ ጽሑፉን የኤስአርቲ ፋይል በኖትፓድ ከፍተው፣ እንደገና ሲያስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ይምረጡ፤ በቪኤልሲም እዚያው ምርጫ ውስጥ ዩቲኤፍ-8 ያድርጉ።

የመራራቁ ነገርም ሁለት ዓይነት ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከዘገየ ወይም ከቀደመ በቪኤልሲ የጂ እና የኤች ቁልፎች ያስተካክሉታል፤ አንድ ጊዜ ሲጫኑ 50 ሚሊሰከንድ ይሄዳል። እየገፋ ሲሄድ የሚራራቅ ከሆነ ግን በእነዚህ ቁልፎች አይድንም። ጽሑፉ የተሠራው በሰከንድ 23.976 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ለሚሄድ ቅጂ ነው፤ የእርስዎ ቅጂ 25 ነው፣ ወይም ተቃራኒው። ልዩነቱ 4 በመቶ ገደማ ስለሆነ የ103 ደቂቃ ፊልም መጨረሻ ላይ 4 ደቂቃ ያህል ይሳሳታል። ሰብታይትል ኤዲት በተባለው ነጻ ፕሮግራም የፍሬም መጠኑን መቀየር ነው መድኃኒቱ። ተማሪዎቹ ሲተረጉሙ ከሁለት መስመር አይለፉ፤ በመስመር ከ25 እስከ 30 ፊደል ይበቃል፤ ማንኛውም ጽሑፍ ከአንድ ሰከንድ በታች አይታይ።

ምስሉን 2.5 ሜትር ስፋት ካደረጉት ቁመቱ 1.4 ሜትር ይሆናል፤ የመጨረሻው ወንበር ከ8 ሜትር ባይርቅ ጥሩ ነው። ስፒከሩ ከምስሉ አጠገብ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት ይሁን። በክረምት በቆርቆሮ ጣራ ሥር ግን አይሞክሩት፦ የሽሙጥ ፊልም ሕይወቱ ንግግሩ ነው፣ የሐምሌን ዝናብ የሚያሸንፍ ስፒከር ደግሞ ክበብዎ የለውም።

«የ12 ደቂቃ ፊልም ሠራን። ቲክቶክ ላይ ለድሆች ዱቄትና ዘይት እየሰጠ ስም የሚያተርፍ ወጣት ታሪክ ነው፤ መጨረሻ ላይ ይጋለጣል። በሙከራ ያየው ሕዝብ ሳቀ፣ ግን ሲወጣ የገጸ ባሕሪውን አነጋገር እየደገመ፣ እያደነቀው ወጣ። ስክሪፕቱንና ቪዲዮውን ልከንላችኋል። የት ተሳሳትን?» የወጣቶች ፊልም ቡድን፣ ፍኖተ ሰላም

ልጆች፣ አየነው። የሠራችሁት ለእሱ ማስታወቂያ ነው፤ ያውም ጥሩ ማስታወቂያ።

ካሜራችሁ ሁልጊዜ ከወገቡ በታች ሆኖ ወደ ላይ ያየዋል። ሲራመድ ስሎው ሞሽን ነው። ከሥሩ ሙዚቃ አለ። ዓይንና ጆሮ «ጀግና» እየተባሉ፣ አፋችሁ «ሌባ» ቢል ማን ይሰማል? ሁለተኛ፣ የሚያጋልጠው ትዕይንት 11ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ተመልካች እስከዚያ ከሰውየው ጋር ወዳጅ ሆኗል፤ ወዳጁ ሲዋረድ ያዝንለታል እንጂ አይማርበትም። ሰውየው የሚያደርሰውን ጉዳት ወደ ስክሪፕቱ ሦስተኛ ገጽ አምጡት።

ሦስተኛው ስህተት ከሁሉ ይከፋል። በ12 ደቂቃ ውስጥ ስልኩን ይዞ ልብ የሚልክ፣ ኮሜንት የሚጽፍ፣ ጊፍት የሚወረውር አንድም ሰው አላሳያችሁም። ዝናን የሚሠራው እሱ ነው። እሱ ከፊልሙ ከቀረ ሽሙጡ ባለዕዳውን ስቶ ሌላ ሰው ላይ ይወድቃል። «ኤ ፌስ ኢን ዘ ክራውድ» ይህን እንዴት እንደተወጣው እዩ። ሰውየው ቪታጄክስ የተባለ እንክብል ሲያስተዋውቅ እውነትም ያስቃል፤ ፊልሙ ግን ከሳቁ መልስ ወደ ፈጠረችው የሬዲዮ ሴት ፊት ይሄዳል። ፊቷ ከትዕይንት ትዕይንት ይጠቁራል፣ እኛም በእሷ በኩል ስለምናይ አብረን እንጠቁራለን። መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙ አልቆ ድምፅ ተዘጋ ብሎ ተመልካቾቹን ሲሳደብ፣ ድምፁን መልሳ የምትከፍተው እሷ ናት።

ለማረም አዲስ ቀረጻ ሁለት ቀን ይበቃችኋል። ከሦስት ሾት አንዱ ከተመልካች ወገን ይሁን፦ ሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጠ፣ መነሐሪያ አውቶቡስ የሚጠብቅ፣ እንጀራ እየጋገረች በአንድ እጇ ስልክ የያዘች። ከእያንዳንዱ ሳቅ በኋላ ሙዚቃውን አጥፍታችሁ ሾቱን 3 ሰከንድ አቆዩት፤ ሳቁ ወደ ራስ የሚመለሰው በዚያች ዝምታ ነው። የስልኩ ስክሪን ደግሞ የፊልሙን ስክሪን አይሙላው። ከሞላው እኛም የሰውየው ፎሎወር ሆንን ማለት ነው። ስልኩን አሳንሱት፤ ስታንዱ ይታይ፣ ነጭ ካርቶን ይዞ ብርሃን የሚመልሰው ልጅ ይታይ።

በስክሪፕታችሁ አራተኛ ገጽ ላይ አንድ ዕንቁ ጥላችኋል። አሮጊቷ ዱቄቱን ተቀብለው፣ መርቀው፣ ሲሄዱ ቀረጻው አልተያዘም ተብሎ ይጠራሉ። «እማማ፣ እንደገና ይውሰዱ። አሁን ትንሽ ያልቅሱ።» እናንተ ይህን በ8 ሰከንድ ቆርጣችሁ አልፋችኋል። ሙሉ ደቂቃ ስጡት። ከረጢቱን መልሰው ሲያስረክቡ፣ ወደ ቆሙበት ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ፣ ሁለተኛ ሲመርቁ፣ ሦስተኛ ሲጠሩ፤ ካሜራው አንድ ቦታ ቆሞ፣ ሳይቆረጥ። ምርቃቱ በየዙሩ ያጥራል። ማጋለጫ የምትሉት ትዕይንት ከዚያ በኋላ ባይኖርም ይቻላል።

አንድ የእጅ ሥራ ነገር፦ ስልኩን ስትቀርጹ የሚሄደው ጥቁር መስመር የሸተር፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ችግር ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በአምፖል ብርሃን ሸተሩን 1/50 ሰከንድ አድርጉ፤ ብዙ ስልኮች ግን በ60 ኸርዝ ስለሚሠሩ ስክሪኑን ብቻውን በቅርበት ስትቀርጹ 1/60 ይሁን።

«ሰው ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል፤ ቲክቶከሮች ከበውት ላይቭ እየገቡ እንዲቆይላቸው ይፈልጋሉ። ይህን ልንሠራ ስንል አንድ ሰው ‹የተሰረቀ ሐሳብ ነው› አለን። እውነት ነው?» ሁለት ጓደኛሞች፣ ሞጣ

ሐሳቡ የቆየ ነው፤ የተሰረቀ ግን አይባልም። በ1925 ጥር መጨረሻ ፍሎይድ ኮሊንስ የተባለ ሰው በአሜሪካ ኬንታኪ ዋሻ ውስጥ እግሩ ተይዞ ቀረ። አንድ ቀጭን ጋዜጠኛ ወደ ውስጥ እየተሳበ ገብቶ አነጋገረው፤ በዚያ ዘገባም በዓመቱ ፑሊትዘር የተባለውን የጋዜጠኝነት ሽልማት አገኘ። ከላይ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰበሰበ፣ ምግብ ሻጩም ደራ። ሰውየው በሕይወት አልወጣም። ዳይሬክተሩ ቢሊ ዋይልደር በ1951 «ኤስ ኢን ዘ ሆል»ን ሲሠራ ይህን ታሪክ በስሙ ጠርቶ ያነሳዋል፣ ከዚያ ግን ክፋቱን አንድ እርምጃ ይገፋዋል። የእሱ ጋዜጠኛ፣ በቅርብ በኩል ግድግዳውን ደግፎ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ማውጣት ሲቻል፣ ከተራራው አናት ተቆፍሮ ቀናት የሚፈጀውን መንገድ ያስመርጣል። ወሬው እንዲቆይ ነው። ሰሌዳው ላይ የመግቢያ ዋጋ ሲወጣ ማየት ብቻ ታሪኩን ይነግራችኋል።

በእኛ አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃ ያለው የአገላለጽ ሥራ እንጂ ሐሳብ አይደለም። ትዕይንቱን፣ ንግግሩን፣ ገጸ ባሕሪውን ካልገለበጣችሁ በሕግ የሚነካችሁ የለም። የዋይልደር ፊልም ራሱ ፍርድ ቤት ደርሷል። «የኮሊንስን ታሪክ በስልክ ያቀረብኩት እኔ ነኝ» ያለ ሰው ከስሶ፣ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1956 በሰጠው ውሳኔ ሐሳብ የግል ንብረት ባይሆንም «ከተጠቀምክበት ትከፍለኛለህ» የሚል ስምምነት ከነበረ ግን ሊያስከፍል ይችላል አለ። ከዚህ የምትወስዱት፦ ሐሳባችሁን ለፕሮዲውሰር ከመንገራችሁ በፊት አንድ ገጽ ውል ተፈራረሙ።

የእናንተ ታሪክ ግን አሁን ባለበት ይፈርሳል። ሰውየው ለምን ወዲያው አይወጣም? ሁለት መንገድ ያስፈልጋችኋል፤ ፈጣኑ ገመድና መዘውር፣ ዘገምተኛው በጎን ሌላ ጉድጓድ መቆፈር። ቲክቶከሩ «ገመዱ አፈሩን ይንደዋል» ብሎ ሁለተኛውን ያስመርጥ፤ የጎበዝ አለቃው አምኖት ይፍረድ፤ ጉድጓድ ቆፋሪው ሽማግሌ ግን ውሸት መሆኑን ይወቅና ማንም ማይክ አይስጠው። እንግዲህ ሽሙጡ እዚህ ጋ ይወለዳል።

ተዋናይ እውነተኛ ጉድጓድ ውስጥ በፍጹም እንዳታስገቡ፤ አየሩም አፈሩም አይታመንም። ከቀርከሃ 1.5 ሜትር ቁመት ያለው ክብ አጥር ሠርታችሁ ከውስጥ በጭቃ ለስኑት፣ ወለሉን አጨልሙ፣ ካሜራውን መሰላል ላይ አውጥታችሁ ወደ ታች ቅረጹ። ሕዝቡም 30 ሰው ከበቃችሁ ይበቃል፦ ከሩቅ ቆማችሁ ዙሙን ስባችሁ ቅረጹ፤ ሰው በሰው ላይ የተደረበ ይመስላል።

«የቅኔ ተማሪ ነበርኩ። ይህን ዓይነት ፊልም በአማርኛ ምን እንበለው? ስላቅ? ምጸት? ፌዝ? ከሰምና ወርቅስ ጋር ይገናኛል?» ከቢቸና

እስካሁን ሽሙጥ ስንል ቆየን እንጂ እኛ የምንመርጠው ስላቅን ነው። ምጸት የተባለውና የታሰበው ሲጋጩ የሚፈጠር መሣሪያ ነው፤ ሽሙጥ ያንኑ መሣሪያ ሰው ላይ መሰንዘር፤ ፌዝ መድረሻ የሌለው ሳቅ። ስላቅ ሁሉንም ሊጠቀም ይችላል፣ ግን አንድ የሚነቅፈው ነገር አለው።

ሰምና ወርቁን ያነሱት በጥሩ ቦታ ነው። አንጥረኛ በሰም ቅርጹን ሠርቶ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ያሞቀዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። የስላቅ ፊልም ሰሙ የዝናው ድምቀት ነው፦ ብርሃኑ፣ ጭብጨባው፣ ልብሱ። ሰሙ ሳይቀልጥ ያለቀ ፊልም ከላይ ለፍኖተ ሰላም ልጆች ያልነው ዓይነት ይሆናል።

ለእርስዎ የምንመርጠው ግን «ቢንግ ዜር»ን ነው፤ ነገሩን ገልብጦ ስለያዘው። ፒተር ሴለርስ የሚጫወተው አትክልተኛ ዕድሜውን በአንድ ግቢ ያሳለፈ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል፣ ዓለምን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ጌታው ሲሞት ከግቢው ይወጣል። የለበሰው የጌታውን ሙሉ ልብስ ነው፤ በዚያ ላይ የሀብታም ሰው ቤት ይገባል። ስለ ኢኮኖሚ ሲጠየቅ «ሥሩ እስካልተቆረጠ ድረስ አትክልቱ ደህና ነው» ይላል። እሱ ስለ አትክልት ነው የሚያወራው። ርዕሰ ብሔሩ ግን ወርቅ አገኘሁበት ብለው በቴሌቪዥን ይጠቅሱታል፤ ጋዜጠኛው ይሯሯጣል፤ የስለላ ሠራተኞች ያለፈ ታሪኩን ፈልገው ያጣሉ፣ ማጣታቸውም ክብሩን ይጨምረዋል። ሰም ብቻ የሆነውን ቃል አገር ተሰብስቦ ወርቅ ሲያወጣለት! ከሕፃንነቱ ያሳደገችው የቤት ሠራተኛ ብቻ በቴሌቪዥን አይታው ምንም እንደማያውቅ ትናገራለች፤ የሚሰማት የለም። አንድ የማይረባ ጉባኤ ቃና ዘርፎ፣ ሰሚዎቹ «ይበል፣ ይበል!» ብለው ምሥጢር ሲያወጡለት ዝም ብሎ የተቀመጠ ተማሪ አይተው ከሆነ ፊልሙን ግማሹን አይተውታል።

«በስላቅ ቪዲዮ ውስጥ የታወቀ ዘፋኝ ፎቶና ዘፈን ብንጠቀም ችግር አለው?» ከባሕር ዳር

ዘፈኑን አትንኩ፤ ያለ ፈቃድ መጠቀም በአዋጅ 410 ያስጠይቃል። ፎቶን በሚመለከት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም ይላል። ቁጥር 28 ለታወቀ ሰው የተለየ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ግን በዚያ ተማምኖ ሰውን ማዋረድ አይቻልም፤ ስም ማጥፋት ለብቻው ያስከስሳል። ለሥነ ጥበቡም ቢሆን የፈጠራ ዘፋኝ ይሻላል፤ እውነተኛ ሰው ካመጣችሁ ክርክሩ ስለ እሱ ይሆናል።

«‹ዘ ኪንግ ኦፍ ኮሜዲ›ን አይቼ መጨረሻው እውን ይሁን ሕልም ሳይገባኝ ቀረ። ደግሞ ዲ ኒሮ እያለበት ለምን ከሰረ? ‹ዘ ትሩማን ሾው› በተመሳሳይ ጉዳይ ለምን ገበያ አገኘ?» እናት አንባቢ፣ ዳንግላ

እናታችን፣ ያልገባዎት ስላልተነገረዎት ነው። ዳይሬክተሩ ማርቲን ስኮርሴዚ፣ ዲ ኒሮ የሚጫወተውን፣ ዝነኛ ኮሜዲያን መሆን የሚመኘውን የሩፐርት ፓፕኪንን ሕልሞች ያለ ጭጋግ፣ ያለ ልዩ ሙዚቃ፣ እንደ እውኑ ኑሮ ስለቀረጻቸው መለያ ቁልፍ የለንም። ዝነኛውን አግቶ በቴሌቪዥን የአንድ ሌሊት ሰዓት ያገኘው ሰው ከእስር ሲወጣ መጽሐፍ ጽፎ፣ በጭብጨባ መድረክ ላይ ቆሞ እናያለን፤ አስተዋዋቂው ስሙን ደጋግሞ ይጠራል፣ እሱ ፈገግ ብሎ ይቆማል፣ ፊልሙ ያልቃል። እውንም ሆነ ሕልም፣ ጭብጨባው አንድ ዓይነት ነው። ለማመሳከር፣ መካከሉ ላይ የሳቀ ሕዝብ የታተመበት የግድግዳ ፎቶ ፊት ቆሞ ሲቀልድ ያለውን ሾት መልሰው ይዩት፤ ካሜራው ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር የፎቶው ሕዝብ ሳቅ ይበረታል።

ፊልሙ ወደ 19 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ በአሜሪካ ያስገባው 2.5 ሚሊዮን ገደማ ነው። «ኤስ ኢን ዘ ሆል»ም በጊዜው ከሥሮ ኩባንያው ስሙን «ዘ ቢግ ካርኒቫል» ብሎ እስከ መቀየር ደርሷል። ቲኬት የቆረጠውን ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ «ጥፋተኛው አንተ ነህ» የሚል ፊልም ወዳጅ አያበዛም። «ዘ ትሩማን ሾው» ግን 60 ሚሊዮን ገደማ ወጥቶበት በዓለም ከ260 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ለሰውየው እንድንሳሳ ያደርገናል፤ ሲያመልጥ አብረውን የሚያለቅሱና የሚያጨበጭቡ ተመልካቾችን ያሳየናል፤ ጥፊውን የሚያሳርፈው በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ብቻ ነው። እርስዎ ተነስተው ቡና ሊያፈሉ ሄደው ከሆነ አምልጦዎታል። ሥርጭቱ ሲቋረጥ ካሜራው ቀኑን ሙሉ ሲከታተሉት ወደነበሩ ሁለት የመኪና ማቆሚያ ጠባቂዎች ይመለሳል። ፒዛ እየበሉ ነው። አንዱ «ሌላ ምን አለ?» ይላል፤ ሌላው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ዝርዝሩን የት እንዳስቀመጡት ይጠይቃል።